ቁስል የሌለው የሆድ ጉዳት

(በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ለነዋሪዎች ከተደረገ የጤና ትምህርት ንግግር የተወሰደ)



 እኛ በጣቢያው ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን የጤና ትምህርት የምንሰጥ፣ እንደ እናንተው ከአገራችን ተሰደን የመጣን ሰዎች ነን። እንደሚታወቀው ብዙ ጊዜ የምናነጋግራችሁ ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። ዛሬ ግን እምብዛም ስለማይነገርለት አንድ ጉዳት እንነጋገራለን። ይኸውም ሰው ሆዱን ተመትቶ፣ ቆዳው ሳይቀደድ፣ አንዲት ጠብታ ደም ሳትታይ፣ ደሙ በውስጥ ሲፈስ የሚደርስበት አደጋ ነው።

ንግግራችን ረዘም ቢልም ቁም ነገሩ አንድ ነው። «ደም አልወጣውም» ማለት «አልተጎዳም» ማለት አይደለም። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የዛሬው ድካማችን ፍሬ አገኘ ማለት ነው።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር

ሌላውን ከማስተማራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። ወደዚህ ሥራ ከመግባታችን በፊት፣ በአንድ የሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ ከመካከላችን ጥቂቶቹ ለቀን ሥራ ወጥተን ነበር። ማታ ስንመለስ ጆንያ በተጫነበት መኪና ላይ ተሳፈርን። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አንድ ወጣት ጓደኛችን ከላይ ወደቀ። አንድ ጆንያም ተከትሎት ሆዱ ላይ አረፈ። ሮጠን ስንደርስ ራሱ ተነሣ፤ ልብሱን አራገፈ፤ እንዲያውም ሳቀ። ሰውነቱን ብናይ በግራ ጎኑ ካለ ትንሽ ጭረት በስተቀር ምንም አልነበረበትም። «ተመስገን፣ ተረፈ» አልን። ውኃ አጠጣነው። ቤት ስንደርስም ሆዱን በዘይት አሽተን አስተኛነው።

ሌሊት ላይ «ውኃ፣ ውኃ» ይል ጀመር። ይገላበጣል፤ መተኛትም መቀመጥም አቃተው። «ግራ ትከሻዬን አመመኝ» ሲለን፣ ሲወድቅ ወልቆ ይሆናል ብለን ትከሻውን አሸነው። ላብ ያጠምቀዋል፤ ገላው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ትኩሳት የለውምና ደኅና ነው አልን። ጎሕ ሲቀድ መልስ መስጠት ተሳነው። ያን ጊዜ ደንግጠን መኪና ለምነን መንገድ ጀመርን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ በእጃችን ላይ አረፈ።

ማንንም አንወቅስም። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠን ሐኪም ቤት ያላደረስነው እኛው ነን። ዛሬ የምናስተምራችሁን ምልክት ሁሉ ያ ልጅ በዚያች ሌሊት አንድ በአንድ ነግሮን ነበር። ጥማቱም፣ መቁነጥነጡም፣ ቀዝቃዛው ላቡም፣ የትከሻው ሕመምም ምልክቶች ነበሩ። እኛ ግን የምናየው ቆዳውን ብቻ ነበር።

በሆዳችን ውስጥ ያለው

ደረታችን በጎድን አጥንት፣ አንጎላችን በራስ ቅል የተጠበቀ ነው። ሆድ ግን ከፊት ለፊቱ ከቆዳ፣ ከሞራና ከጡንቻ በቀር መከላከያ የለውም። ከኋላው ደግሞ ጠንካራው አከርካሪ አለ። ስለዚህ ሆድ ሲመታ በውስጡ ያለው አካል በመችውና በአከርካሪው መካከል ይጨፈለቃል። በሙቀጫና በዘነዘና መካከል እንደ ገባ እህል ማለት ነው።

በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ጉበት አለ። በግራ በኩል ጣፊያ አለ። እነዚህ ሁለቱ ደም የሞላባቸው ስለሆኑ ሲሰነጠቁ ብዙ ደም ያፈሳሉ። መካከሉን አንጀት ሞልቶታል። ወደ ጀርባ በኩል ኩላሊቶች፣ ወደ ታች ደግሞ የሽንት ፊኛ ይገኛሉ። ከሁሉም ኋላ፣ አከርካሪውን ተደግፎ የሚወርድ አንድ ትልቅ የደም ቧንቧ አለ። ሐኪሞች አኦርታ ይሉታል። እኛ ታላቁ ደም ቅዳ ልንለው እንችላለን።

ይህ ቧንቧ ከልብ ተነሥቶ ደረትን አቋርጦ ወደ ሆድ ይወርዳል። በእምብርት ትይዩ ገደማ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ለሁለቱ እግሮች ደም ያደርሳል። በሆድ ውስጥ ያለው ክፍል በአንድ ሙሉ ሰው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የአንድ ሙሉ ሰው ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ያህል ነው። ይህም ውኃ የምንቀዳበት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሩብ መሆኑ ነው። ልብ በዕረፍት ጊዜ እንኳ ይህንኑ ያህል ደም በየደቂቃው ወደ ታላቁ ደም ቅዳ ይገፋል። እንግዲህ ቧንቧው ቢቀደድ ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የቧንቧው ግድግዳ ሦስት ሽፋኖች አሉት። በምት ጊዜ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀደደው ስሱ የውስጥ ሽፋን ነው። ከዚህ በኋላ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይደርሳል። አንደኛ፣ የተቀደደው ሽፋን እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ፣ ደምም በላዩ ረግቶበት መንገዱን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ እግሮች ደም ያጣሉ። ሁለተኛ፣ ውስጡ ተጎድቶ የላዩ ሽፋን ብቻውን ይቀርና እንዳረጀ የመኪና ጎማ እያበጠ ይሄዳል። ይህ ዓይነቱ ጉዳት ከቀናት፣ አንዳንዴም ከወራትና ከዓመታት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሁሉም ሽፋን በአንድ ጊዜ ይቀደዳል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ይሞታል።

ታላቁ ደም ቅዳ በሆድ ውስጥ በጥልቀት የተቀመጠ ስለሆነ በምት መጎዳቱ ብርቅ ነው። ዱልዱም በሆነ ነገር ተመትተው ሆስፒታል ከሚገቡ 1,000 ሰዎች መካከል ይህ የሚደርሰው በአንዱ ወይም ከዚያም ባነሰ ነው። በምት ምክንያት በአኦርታ ላይ ከሚደርሰው ጉዳትም አብዛኛው በደረት ውስጥ ባለው ክፍል ላይ ሲሆን የሆዱ ድርሻ ከ100 እጅ 5 ያህል ብቻ ነው። «ታዲያ ብርቅ ከሆነ ለምን ታስፈራሩናላችሁ?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን እንዲህ ነው። አኦርታን የሚጎዳው ምት ጣፊያንና ጉበትንም ይሰነጥቃል፤ አንጀትንም ይቀዳል። የእነዚህ ጉዳት ግን ብርቅ አይደለም። የውስጥ ደም መፍሰስ ምልክቱም ሆነ የመጀመሪያው እርዳታ ለሁሉም አንድ ነው። የተጎዳው የትኛው እንደሆነ መለየት የሐኪሙ ሥራ ሲሆን የእኛ ሥራ ሰውየውን በጊዜ ማድረስ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ዋነኛው ምክንያት የመኪና አደጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ። የአገራችንንም ሐዘን አንረሳውም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሠርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 70 ያህል ሰዎች ሞተዋል። የጭነት መኪና ለዕቃ እንጂ ለሰው አልተሠራም። ሰው በላዩ ሲጫን የሚይዘው ነገር የለም። መኪናው ሲገለበጥም ሰውና ጭነት አንድ ላይ ይወድቃሉ።

እኛም እዚህ ያለነው ከዚህ የራቅን አይደለንም። በ2013 ዓ.ም. ይህ ጣቢያ ሲከፈት ከሐምዳይትና ከመንደር 8 በመኪና ተጭነን መጣን። ከዚያም ወዲህ ለአጨዳ ሥራ፣ ለገበያና ለሕክምና የምንጓዘው ባገኘነው ነገር ነው። በትራክተር ጭራ ላይ እንንጠለጠላለን፤ በጆንያ ክምር ላይ እንቀመጣለን። ከመኪናው ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። አህያ ወይም ግመል ይራገጣል። የጋሪ እጀታ ሆድን ይወጋል። ልጆች ከብስክሌት ሲወድቁ የመሪው ጫፍ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል። ሰው ከዛፍ ይወድቃል። ጉድጓድ ሲቆፈር አፈር ይናዳል። በመጨረሻም ብዙዎቻችን መናገር የማንወደው ምክንያት አለ፤ እርሱም ሰው በሰው ላይ የሚሰነዝረው ጡጫ፣ እርግጫና ዱላ ነው።

ያበጠ ጣፊያ

በዚህ አገር ለሚኖር ሰው አንድ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለን። የገዳሪፍ አውራጃ ከሱዳን ክፍሎች ሁሉ ካላዛር ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። ድንበሩን ተሻግሮም መተማና ሑመራ የታወቁ የካላዛር አካባቢዎች ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚህ ጥቁር የዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥና በግራር ሥር ትኖራለች። ካላዛር ጣፊያን እጅግ ያሳብጣል። ተደጋጋሚ ወባም እንዲሁ ያደርጋል። ጤነኛ ጣፊያ ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። ያበጠው ግን ወደ ሆድ ወርዶ ያለ ከለላ ይቀራል። ቀላል በሆነ ምትም ሊፈነዳ ይችላል።

ለዚህ አንድ የቆየ ታሪክ እንጥቀስ። በሕንድ አገር በአግራ ከተማ ፉለር የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ዘገየህ ብሎ የፈረስ ጠባቂውን መታው። መሣሪያ አልያዘም፤ የመታው በእጁ ነበር። ሰውየው ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሲመረመር ያበጠ ጣፊያው ፈንድቶ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ ፉለርን 30 ሩፒ ብቻ ቀጣው። የአገሩ እንደራሴ ሎርድ ሊተን ቅጣቱ የሰውን ነፍስ ያቀለለ ነው በማለት በይፋ ነቀፈ። እኛ ከዚህ የምንማረው «በእጄ ነው የመታሁት፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» የሚለው ቃል የሞተውን እንደማይመልስ ነው። ካላዛር የያዘው ወይም በቅርቡ የታከመ ሰው በቤታችሁ ካለ ከባድ ሸክምና ድብድብ እንዳይነካው ተጠንቀቁለት።

ምልክቶቹ

ወጣትና ጤነኛ ሰው ብዙ ደም እስኪፈሰው ድረስ ቆሞ ሊሄድና ሊናገር ይችላል። ሰውነቱ የእጁንና የእግሩን ደም ሥሮች አጥብቦ ደሙን ለልብና ለአንጎል ይቆጥባል። 1 ሊትር ተኩል ያህል ደም እስኪፈስ ድረስ የደም ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በድንገት ይወድቃል። የእኛ ጓደኛ ሲስቅ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሰውየው መራመዱን አትመልከቱ፤ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ጥማት፣ መቁነጥነጥና ፍርሃት።
ሁለተኛ፣ የከንፈርና የዓይን ውስጥ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ሲቀመጡ ወይም ሲቆሙ ማዞር።
ሦስተኛ፣ ፈጣንና ደካማ የደም ምት። አንድ ሙሉ ሰው በጸጥታ ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ100 በላይ ቢመታ ያሠጋል። የልጆች ከዚህ በላይ ስለሚመታ በቁጥሩ ሳትወሰኑ ቶሎ አምጧቸው።
አራተኛ፣ የሆድ ሕመም እየጨመረ መሄድ፣ የሆድ መነፋት ወይም እንደ ጣውላ መጠንከር።
አምስተኛ፣ ትከሻው ሳይመታ የትከሻ ጫፍ ሕመም። የፈሰሰው ደም ከደረት በታች ያለውን መለያ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው በትከሻ ላይ ነው።
ስድስተኛ፣ በሽንት ውስጥ ደም መታየት፣ ማስመለስ፣ በሆድ ላይ የቀበቶ ወይም የጎማ ሰንበር።
ሰባተኛ፣ የእግር ምልክት። ይህ የታላቁ ደም ቅዳ ልዩ ምልክት ነውና አስተውሉት። ሰውየው ሆዱን ወይም ጀርባውን ተመትቶ ሳለ እግሮቹ ቢቀዘቅዙ፣ ቢገረጡ፣ ቢደነዝዙ ወይም አልታዘዝ ቢሉ ደም ወደ ታች እየወረደ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። ጣቶቻችሁን በእግሩ መዳፍ ጀርባ፣ ከአውራ ጣቱ ትይዩ አሳርፋችሁ ትርታውን ፈልጉ። ካጣችሁት በብሽሽቱ ፈልጉ። ሁለቱን እግሮች አነጻጽሩ። ደም ያጣ እግር ከ6 ሰዓት ያህል በኋላ ሊድን ወደማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። እግሩ ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይጠፋል።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይ ሌላውን ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም አምጡት። ምቱ ከባድ ከነበረ ደግሞ አንድም ምልክት ሳይታይ አምጡት። የአንጀት መቀደድ ምልክቱ እስከ ማግሥት ድረስ ሊዘገይ ይችላል።

ምን እናድርግ? ምንስ አናድርግ?

ሰውየውን በጀርባው አስተኙት። እንዲራመድ አታድርጉት። ብርድ ልብስ አልብሱት። ደም ያጣ ሰው በሙቀት አገርም ይበርደዋል።

ምንም ነገር አታጠጡት፤ አታብሉትም። ውኃ፣ ወተት፣ ሻይ፣ ማር፣ ሁሉም ይቅር። ጥማቱ አንጀት እንደሚያላውስ እናውቃለን። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው በሆዱ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ አንጀቱ ተቀዶ ከሆነም ያጠጣችሁት ወደ ሆዱ ዕቃ ይፈስሳል። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አርሱለት። አስፕሪንና የመሳሰለውን የሕመም ማስታገሻ በራሳችሁ አትስጡት፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋልና።

ሆዱን አትሹ። ይህን ስንል ወጌሻዎቻችንን ለማሳነስ አይደለም። የወለቀ ክንድና የተወለመመ እግር ሲያስተካክሉ አይተናል፤ እናከብራቸዋለን። ሆድ ግን የእነርሱ ሥራ አይደለም። በውስጥ የተቀደደው አካል የሚድነው ደሙ ረግቶ ቀዳዳውን ሲዘጋው ነው። ሲታሽ የረጋው ደም ይላቀቅና እንደገና ይፈስሳል። ትኩስ ድንጋይ፣ ዋግምትና መተኮስም እንዲሁ ናቸው። ወጌሻዎቻችን ራሳቸው «ይህ የሐኪም ነው» ብለው ቢመልሱ ከማንም ይበልጥ ነፍስ ያድናሉ።

ስታነሡት ተጠንቀቁ። አኦርታን የሚጎዳ ምት ብዙ ጊዜ አከርካሪንም ይሰብራል። አበበ ቢቂላን ሁላችንም እናውቃለን። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አጠገብ በሌሊት መኪናው ተገለበጠችበትና እስኪነጋ ድረስ ረዳት ሳያገኝ ቆየ። አከርካሪው ተጎድቶ ነበርና በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ቢታከምም እንደገና በእግሩ ሳይሄድ በ1966 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አረፈ። ያን የመሰለ ጉዳት ያለበትን ሰው በብብቱና በእግሩ አንጠልጥሎ መሸከም ጉዳቱን ያብሳል። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሆናችሁ ራሱን፣ ጀርባውንና እግሩን በአንድ ጊዜ አንድ ላይ አንሡ። በቃሬዛ ወይም በገመድ አልጋ ላይ አስተኝታችሁ ተሸከሙት። በአህያ ጀርባ ላይ አታስቀምጡት።

በመጨረሻም እውነቱን ይዛችሁ ኑ። መቼ ተመታ? በምን ተመታ? ጸብ ከሆነ ጸብ ነው በሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ከጋሪ ወደቀ ተብሎ የመጣና በእርግጫ የተመታ ሰው ምርመራው ይለያያል። ሐኪሙ የሚፈልገው ጥፋተኛውን ሳይሆን የሚደማውን ቦታ ነው።

በሕክምና ቦታ

ሐኪሞች የደም ግፊቱንና ትርታውን ይለካሉ። በክንዱ የደም ሥር ፈሳሽ ይሰጡታል። መሣሪያው ባለበት ቦታ በአልትራሳውንድ ሆዱ ውስጥ ደም መኖሩን ያያሉ። የአኦርታን ጉዳት በደንብ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ሲሆን እርሱ በትልልቅ ሆስፒታሎች ይገኛል። ሁሉም ሰው በቀዶ ሕክምና አይታከምም። ትንሽ የተሰነጠቀ ጣፊያ ወይም ጥቂት የተላጠ የአኦርታ የውስጥ ሽፋን በመድኃኒትና በጥብቅ ክትትል ሊድን ይችላል። ስለዚህ «ሐኪሙ ዝም ብሎ አስተኛው» ብላችሁ ታማሚውን ሰርቃችሁ አትውሰዱ። መተኛቱም መታየቱም ሕክምና ነው። ከባድ የሆነው ተከፍቶ ይሰፋል። በ1990 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና ሁዋን ፓሮዲ የተባሉ ሐኪም ያበጠን የሆድ አኦርታ ሆድ ሳይከፈት፣ ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ ከውስጥ መጠገን ከቻሉ ወዲህ፣ በበለጸጉ አገሮች በአደጋ የተጎዳውም በዚሁ ዘዴ ይታከማል።

ያም ሆነ ይህ ሁሉም ሕክምና ደም ይጠይቃል። በዚህ አካባቢ ሆስፒታሎች ደም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታማሚው ዘመድና ጓደኛ ነው። ቃሬዛ ይዞ የሚሄድ ሰው ክንዱንም ይዞ ይሂድ። ደም መስጠት ጤነኛውን ሰው አይጎዳውም። የደማችሁን ዓይነት አስመርምራችሁ ከምግብ ካርዳችሁ ጋር ብታኖሩት በክፉ ቀን ጊዜ ይቆጥባል።

መንገዳችን ከባድ መሆኑንም አንዘነጋም። ዝናብ ሲጥል ዋልካው መኪና ይይዛል። ጦርነቱ በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም ብዙ ሆስፒታሎች ከሥራ ውጭ ሆነዋል። ይህ ሁሉ ግን ለመዘግየት ምክንያት ሊሆነን አይገባም፤ እንዲያውም ቀደም ብለን እንድንነሣ ያስገድደናል። መንገዱ ሁለት ሰዓት በሚወስድበት አገር «እስኪ እስኪነጋ እንየው» ማለት ሁለቱን ሰዓት ስምንት ማድረግ ነው።

አስቀድሞ መከላከል

በጭነት ላይ አትቀመጡ፤ ልጆቻችሁን በትራክተር ጭራ ላይ አታስቀምጡ። ቀበቶ ባለው መኪና ስትሳፈሩ ቀበቶውን እሰሩ። ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. በቮልቮ ኩባንያ የሠራው በትከሻና በወገብ የሚታሰር ቀበቶ በየአገሩ ብዙ ነፍስ አድኗል። ከፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥን ሰው የመሞት አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን አስተሳሰሩ መታወቅ አለበት። የታችኛው ክፍል በዳሌ አጥንት ላይ እንጂ በሆድ ላይ መዋል የለበትም። በሆድ ላይ የታሰረ ቀበቶ በግጭት ጊዜ አንጀትንና አኦርታን ከአከርካሪ ጋር ይጨፈልቃል። ነፍሰ ጡር ከሆዷ በታች ትሰረው።

አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ስለ ቤታችን ደግሞ ጥቂት ፍቀዱልን። ስደት ያስመርራል። ሥራ የለም፤ ራሽን አይበቃም፤ ቁጣ ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ በሚስት ሆድ ላይ የሚያርፍ እርግጫ እንደ መኪና አደጋ ጣፊያን ይሰነጥቃል። ያረገዘች ከሆነ የእንግዴ ልጁን ከማኅፀን አላቅቆ ሁለት ነፍስ ይወስዳል። ልጅን በሆዱ መምታት ቅጣት አይባልም። እናቶችና እኅቶች ሆይ፣ ከተመታችሁ «ሆድ ይፍጀው» አትበሉ። ሆድ የሚፈጀው ነገር አለ፤ ይህ ግን እርሱን ራሱን የሚፈጅ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሆዷን ከተመታች ወይም ከወደቀች ሕመም ባይሰማትም በዚያው ዕለት ትታይ። ወደ እኛ ብትመጡ ነገሩ በእኛ ዘንድ ይቀራል፤ እስከ ሐኪሙም አብረናችሁ እንሄዳለን።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

ከአገራችን ስንወጣ ብዙ ሰው አጥተናል። ያን ማስቀረት አልቻልንም። ያ ወጣት ግን ሊተርፍ ይችል ነበር። የጎደለው ገንዘብ አልነበረም፤ አልጋ የሚሸከሙ አራት ሰዎችም ነበርን። የጎደለን እውቀቱ ብቻ ነበር። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ላልመጣው ጎረቤታችሁ ይህን ንገሩት። ሆዱን የተመታ ሰው፣ ደም ባይታይም፣ ቢስቅም፣ ቢራመድም፣ አይጠጣ፣ አይታሽ፣ ሌሊቱን አይደር።

 ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።